ቺዝ፣ ራስ ምታትና ትራኒልሲፕሮሚን፦ የአንድ ያልተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት ጥናት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ትራኒልሲፕሮሚን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ ሕሙማን መካከል አንዳንዶቹን ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዛቸው ነበር። ሕመሙ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ግንባር ይዘልቃል፤ ልብ በኃይል ይደልቃል፤ ላብ ያጠምቃል፤ አንገት ይገተራል፤ ብርሃን ማየት ያስጠላል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስም ይከተላል። የደም ግፊታቸው በዚያው ሰዓት ከተለካ እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ራስ ምታቱም ይተዋል፤ ሕመምተኛው በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የሚታይ ምልክት አይኖረውም። አብዛኞቹ ከእንዲህ ያለ ጉዳት ሲያገግሙ፣ ጥቂቶቹ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ለሞት ተዳርገዋል።

ይህ ጽሑፍ የዚህ ክስተት መንስኤ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዴት እንደታወቀ ይመረምራል። የድባቴ መድኃኒቶች ከሚያስከትሏቸው ያልተለመዱ አካላዊ ችግሮች መካከል ይህን የመረጥኩት፣ «ያልተለመደ» የምንለው ጉዳት ሁልጊዜ ከጥቂት ሰዎች የተለየ ተፈጥሮ የሚመነጭ አለመሆኑን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ጉዳቱ ብርቅ የመሰለው መድኃኒቱን በወሰደ በማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ እንዲደርስ የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ የሚገጣጠሙት አልፎ አልፎ ስለነበር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ መድኃኒቶቹ አመጣጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች ወደ አእምሮ ሕክምና የገቡት በሳንባ ነቀርሳ በኩል ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አይፕሮኒያዚድ ለነቀርሳ ሕሙማን ሲሰጥ መንፈሳቸው መነቃቃቱና የምግብ ፍላጎታቸው መጨመሩ ተስተዋለ፤ በ1957 ደግሞ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ናታን ክላይን ከባልደረቦቹ ጋር መድኃኒቱ ለድባቴ እንደሚረዳ የሚገልጽ ሥራ አቀረበ። አይፕሮኒያዚድ ጉበትን እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ ሐኪሞች ሌሎች አማራጮችን መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነበር። ትራኒልሲፕሮሚን በዚህ ክፍተት የገባ መድኃኒት ነው። በኬሚካዊ ቅርፁ ከነቀርሳ መድኃኒቶች ይልቅ አምፌታሚን ለተባለው አነቃቂ ይቀርባል፤ በጉበት ላይ ያለው ሥጋትም አነስተኛ ስለነበር በሐኪሞች ዘንድ በደስታ ተቀባይነት አግኝቷል።

ሐኪሞቹን ካደናገሯቸው ነገሮች አንዱ እነዚህ መድኃኒቶች በመደበኛ ሁኔታ የደም ግፊትን የሚያወርዱ መሆናቸው ነው። የሚወስዳቸው ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ራሱን የሚያዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲያውም ከዚሁ ወገን የሆነው ፓርጂሊን ለደም ግፊት ሕክምና ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ ግፊት በማውረድ የሚታወቅ የመድኃኒት ቤተሰብ ግፊትን በድንገት ወደ ላይ ይሰቅላል ማለት ለሰሚው እርስ በርሱ የሚጣረስ ነበር። ራስ ምታቱ ሲከሰት ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ወይ ማይግሬን፣ ወይ በአንጎል ሽፋኖች መካከል የሚከሰት ደም መፍሰስ፣ ወይም ደግሞ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለውንና ግፊትን በየጊዜው እያስፈነጠረ የሚጥለውን የአድሬናል ዕጢ እባጭ ነበር። ሦስቱም ምክንያታዊ ግምቶች ናቸው። አንዳቸውም ግን ወደ ምግብ ገበታ የሚመሩ አይደሉም።

ባሪ ብላክዌል በዚያን ጊዜ ለንደን በሚገኘው በሞድስሊ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስልጠና ላይ የነበረ ወጣት ሐኪም ነው። ትራኒልሲፕሮሚን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስለደረሰ የአንጎል ደም መፍሰስ ከባልደረቦቹ ከሰማ በኋላ ጉዳዩን በማጠናቀር በ1963 መጀመሪያ ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው መድኃኒቱ ከግፊት መጨመር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ከማሳሰብ ያለፈ ነገር አልነበረውም፤ መንስኤውንም አላወቀም።

ይህን ደብዳቤ ካነበቡት አንዱ ኖቲንግሃም ውስጥ በሆስፒታል የሚሠራ ፋርማሲስት ነበር። ባለቤቱ መድኃኒቱን ትወስድ ነበር፤ ደብዳቤው ላይ የተገለጸው ሕመምም እሷን ሁለት ጊዜ ከያዛት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ለብላክዌል በላከው መልእክት ሁለቱም ጊዜ ሕመሙ የመጣው ቺዝ ከበላች በኋላ መሆኑን ገለጸ። በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ቅቤና ወተት ምንም እንዳላደረሱባት ጠቅሶ፣ ምናልባት መንስኤው በቺዙ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ክፍሎች) ይሆኑ እንደሆነ ጠየቀ።

በእኔ ግምት የጠቅላላው ጉዳይ ክብደት ያረፈው ቅቤንና ወተትን በሚመለከተው ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ሰው «ቺዝ በልታ ታመመች» ቢል የሚያስተላልፈው ወሬ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በየቀኑ ብዙ ነገር ይበላል፣ ከታመመ በኋላም የበላውን መለስ ብሎ መወንጀል የተለመደ ነው። «ቺዝ በልታ ታመመች፣ ከአንድ ወተት የወጡት ሌሎቹ ግን አልነኳትም» ሲል ግን ንጽጽር ያለው ምልከታ ሆነ። ወተቱ፣ ስቡና ስኳሩ ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ የቀረው ቺዝ እየበሰለ በሚቆይበት ጊዜ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የሚፈጠረው ነገር ነው። ፋርማሲስቱ ቤተ ሙከራ ሳያስፈልገው፣ ከቤተሰቡ ገበታ ላይ ብቻ ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ አጥብቦታል።

መልእክቱ ሲደርስ ሞድስሊ ውስጥ ያገኘው ምላሽ ፈገግታና ጥርጣሬ ነበር። ይህን ቸልተኝነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በጊዜው የነበረውን ዕውቀት ስናስብ ግን ጥርጣሬው አግባብነት ነበረው። ቺዝ በእንግሊዝ በየቤቱ የሚበላ፣ ለሕፃን የሚሰጥ ምግብ ነው፤ መድኃኒቱን የሚወስዱ እጅግ ብዙ ሕሙማንም ቺዝ እየበሉ ምንም አይሆኑም ነበር። ሐሳቡ ግን አልተጣለም፤ የመድኃኒቱ አምራች ኩባንያ ተወካይ ተመሳሳይ ጥቆማ ቀደም ሲል እንደደረሳቸው መናገሩ ብላክዌልን እንደገና እንዲያስብ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሙከራ ከሽፏል። ብላክዌል ራሱ ከአንድ ባልደረባው ጋር መድኃኒቱን ለቀናት ወስዶ ቺዝ በላ፤ ምንም አልተከሰተም። ብዙ መላ ምቶች የሚሞቱት በእንዲህ ዓይነቱ ውጤት ነው። ይኸኛው የተረፈው በሆስፒታሉ ተኝተው ከሚታከሙት መካከል ሕመሙ የሚይዛቸው ሰዎች ስለቀጠሉና ምን እንደበሉ መጠየቅ አሁን ልማድ ስለሆነ ነው፤ መልሱም በተደጋጋሚ ቺዝ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም አንዲት ታካሚ በፈቃደኝነት ቺዝ በልታ የደም ግፊቷ በየተወሰነ ጊዜ እየተለካ ክትትል ሲደረግላት፣ ግፊቷ ሲያሻቅብና ራስ ምታቱ ሲጀምራት በዓይን ታየ። ብላክዌል የተሰበሰቡትን ጉዳዮች ይዞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላንሴት ላይ ሁለተኛ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ሰሞን አሳቱር፣ ሌቪና ሚልን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥፋተኛው ታይራሚን መሆኑን የሚያመለክት ሥራ በዚሁ መጽሔት አሳተሙ።

ታይራሚን ታይሮሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ የሚፈጠር ውህድ ነው። ወተት ወደ ቺዝነት ተለውጦ ለወራት ሲቀመጥ፣ ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲዶች ይፈርሳል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ታይሮሲኑን ወደ ታይራሚን ይለውጡታል። በወተትና በቅቤ ውስጥ ይህ ሂደት ስለማይካሄድ ፋርማሲስቱ ያስተዋለው ልዩነት በዚህ ይብራራል። በእርጋታ ሳይቀመጥ ትኩስ የሚበላ አይብም በዚሁ ምክንያት ታይራሚኑ በጣም አነስተኛ ነው።

በጤነኛ ሰው ውስጥ ታይራሚን ከምግብ ጋር ሲገባ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ያለው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ አብዛኛውን ወደ ደም ዝውውር ሳይደርስ ያጠፋዋል። ትራኒልሲፕሮሚን ይህን ኢንዛይም በአንጎል ውስጥ ብቻ መርጦ አያግድም፤ በአንጀትና በጉበት ያለውንም አብሮ ያግደዋል። በዚህ ጊዜ ታይራሚኑ ሳይጠፋ ወደ ደም ይገባና የደም ሥሮችን ወደሚቆጣጠሩት የነርቭ ጫፎች ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ በጫፎቹ ውስጥ ተከማችቶ የነበረውን ኖርአድሬናሊን የተባለ የደም ሥር የሚያጠብብ ኬሚካል ገፍትሮ ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ራሱ የኖርአድሬናሊንን መፍረስ ስለሚቀንስ ክምችቱ ከወትሮው የበዛ ነው፤ ስለዚህ የሚወጣውም ብዙ ይሆናል። የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ይስፈነጠራል፤ ሕመሙም ምግቡ ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል።

ጉዳዩን ሳጠና በጣም ያስገረመኝ መልሱ ከጥያቄው ሠላሳ አምስት ዓመት ቀድሞ በጽሑፍ የሰፈረ መሆኑ ነው። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን በ1928 ያገኘችው ካምብሪጅ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ሜሪ ሄር ናት። በጉበት ውስጥ ያገኘችውን ይህን አዲስ ኢንዛይም የሰየመችው የታይራሚን ኦክሲዴዝ ብላ ነበር፤ ታይራሚንን ሲያፈርስ ስላየችው ነው። ታይራሚን የደም ግፊት እንደሚጨምርም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ታይራሚን በበዛበት ምግብ ላይ ሲታዘዝ ምን እንደሚፈጠር ማስላት በመርህ ደረጃ ይቻል ነበር። አልተሰላም፤ ምክንያቱም የባዮኬሚስትሪው ዕውቀት፣ የፋርማኮሎጂው ዕውቀትና የአእምሮ ሐኪሙ ዕለታዊ ሥራ በአንድ ሰው እጅ የሚገኙ አልነበሩም። ያገናኛቸው ሚስቱ የምትበላውን የሚያይ ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ «ብርቅነቱ» እንመለስ። መድኃኒቱን ለማይወስድ ጤነኛ ሰው ግፊቱ በሚታይ መጠን እንዲጨምር በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ታይራሚን ያስፈልጋል። ኢንዛይሙን በቋሚነት የሚያግድ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ከ6 እስከ 10 ሚሊግራም የሚሆነው ቀላል ወይም መካከለኛ ምልክት ሊያስከትል፣ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም የሚሆነው ደግሞ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል። ጥያቄው እንግዲህ አንድ ቁራሽ ቺዝ ስንት ሚሊግራም ይዟል የሚለው ነው። መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። የታይራሚኑ መጠን እንደ ቺዙ ዓይነት፣ እንደ ቆየበት ጊዜ፣ እንደ አቀማመጡና እንደ አዘገጃጀቱ ንጽሕና ይለያያል፤ በአንድ ሙልሙል ውስጥ እንኳ ወደ ቅርፊቱ የተጠጋው ክፍል ከመሐሉ ይልቅ ብዙ ሊይዝ ይችላል። አንዲት ሴት ሰኞ ዕለት ከአንድ ቺዝ መሐል ቆርጣ በልታ ደኅና ስትውል፣ ሐሙስ ዕለት ከዚያው ቺዝ ከዳር ቆርጣ በልታ ልትወድቅ ትችላለች። ሐኪሟ «ሰኞም እኮ በልተሽ ነበር» ቢላት ትክክል ነው፤ የሚደርስበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ይሆናል። የብላክዌል የራሱ ሙከራ ያለ ውጤት መቅረትም ከዚህ ዓይነቱ ልዩነት ጋር የሚጋጭ አይደለም።

የግኝቱ ውጤት ፈጣን ነበር። በአሜሪካ ትራኒልሲፕሮሚን በየካቲት 1964 ከገበያ ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ውስጥ ጠንካራ ማስጠንቀቂያና የአጠቃቀም ገደብ ተደርጎበት ተመለሰ። ሕሙማን የማይበሏቸው ምግቦች ዝርዝር ይሰጣቸው ጀመር፤ በዝርዝሩም የበሰለ ቺዝ፣ ማርማይትን የመሰሉ የእርሾ ውጤቶች፣ የደረቀና የቆየ ሥጋ፣ የፈላ የአኩሪ አተር ውጤትና በቧንቧ የሚቀዳ ቢራ ተካተቱ። ባቄላ ከነልጡ መከልከሉ ግን በታይራሚን ሳይሆን ልጡ ውስጥ ባለውና እሱም ግፊትን ሊጨምር በሚችለው ኤል ዶፓ በተባለ ውህድ ምክንያት ነው።

ዝርዝሩ በየጊዜው እየረዘመ መሄዱ የራሱን ችግር አስከተለ። በአንድ ሰው ላይ አንድ ጊዜ የታየ፣ መጠኑ ያልተለካ ምግብ ሁሉ እየተጨመረበት ሲሄድ፣ ሕሙማን ሁሉንም ማክበር አቅቷቸው ዋናዎቹን ጭምር ወደ መጣስ፣ ሐኪሞችም መድኃኒቱን ፈጽሞ ወደ መተው አዘነበሉ። ኋላ ላይ ምግቦቹ በቤተ ሙከራ ሲለኩ ብዙዎቹ ያለ በቂ ምክንያት የገቡ ሆነው ተገኝተዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ትኩረት ይገባዋል፤ በሌላ መድኃኒት ላልተሻለው ድባቴ የሚያገለግል ሕክምና ከአቅም በላይ በተጋነነ ፍርሃት ተጋርዶ ዘመናትን አሳልፏልና።

ግፊቱ በድንገት የጨመረበት ሰው በሆስፒታል ውስጥ ሊታከም ይገባል። የኖርአድሬናሊንን ሥራ በደም ሥሮች ላይ የሚገታው ፌንቶላሚን ለዚህ ተስማሚ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ቤታ አጋጅ የተባለውን የልብ ምት የሚያረግብ መድኃኒት ብቻውን መስጠት ግን አይመከርም፤ የደም ሥሮቹን የሚያጠብበው ኃይል ሳይነካ ስለሚቀር ግፊቱን ሊያባብሰው ይችላል። በአንድ ወቅት ሕሙማን ኒፌዲፒን የተባለውን ግፊት አውራጅ መድኃኒት በኪሳቸው ይዘው ራስ ምታቱ ሲጀምራቸው ራሳቸው እንዲወስዱ ይመከሩ ነበር፤ ግፊቱ ከልክ በላይ በፍጥነት ሲወርድ ለልብና ለአንጎል የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ይህ ልማድ ተትቷል።

ይህ ክስተት ሴሮቶኒን ሲንድረም ከሚባለው ጋር ሲደባለቅ ይታያል። ሁለቱም ከእነዚሁ መድኃኒቶች ጋር ይያያዛሉ፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ሴሮቶኒን ሲንድረም ከቺዝ አይመጣም፤ የሚመጣው የኢንዛይሙ አጋጅ ሴሮቶኒን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ከሚጨምር ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከሕመም ማስታገሻው ፔቲዲን ጋር ሲጋጭ ነው። ምልክቱም በአመዛኙ መንቀጥቀጥ፣ በተለይ በእግር ላይ የሚታይ ተደጋጋሚ የጡንቻ መፈናጠር፣ ትኩሳትና የአእምሮ መረበሽ ነው። ራስ ምታትና ድንገተኛ የግፊት መናር ከቀደሙ ምግቡን መጠየቅ፣ ትኩሳትና የጡንቻ መፈናጠር ከቀደሙ ደግሞ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን ስለማያግዱ የቺዝ ክልከላ የለባቸውም። የራሳቸው ያልተለመዱ አካላዊ ችግሮች ግን አሏቸው፤ የሚታለፉትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው መድኃኒቱን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ቢጋባ፣ ቢደክምና ቢወድቅ ጥፋቱ ወደ እርጅና ወይም ወደ ድባቴው ራሱ ይላካል፤ የደሙ ሶዲየም ቢለካ ግን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በተለይ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነ አጋጣሚው ይጨምራል። እዚህም ላይ የመድኃኒቱ፣ የዕድሜውና የሁለተኛው መድኃኒት መገናኘት ነው ጉዳቱን የሚፈጥረው።

ከ1963 ወዲህ መድኃኒት ሠሪዎችም መፍትሔ ፈልገዋል። ሞክሎቤማይድ ኢንዛይሙን የሚይዘው ለጊዜው በመሆኑ ታይራሚን ሲበዛ ቦታውን ይለቃል፤ ስለዚህ በመደበኛ መጠን የሚወስደው ሰው ጥብቅ የምግብ ገደብ አያስፈልገውም። በ2006 በአሜሪካ ለድባቴ የተፈቀደው በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሰለጂሊን ደግሞ አንጀትን ሳያቋርጥ ወደ ደም ስለሚገባ በዝቅተኛ መጠኑ የአንጀቱን ኢንዛይም በአብዛኛው አይነካም።

ትራኒልሲፕሮሚንም ቢሆን ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ኢንዛይሙን በቋሚነት ስለሚያግደው ሰውነት አዲስ ኢንዛይም ሠርቶ እስኪተካ ድረስ ሥራው መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ይቀጥላል፤ በዚህ ምክንያት የምግብ ጥንቃቄው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በኋላም ለሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ መጠበቅ አለበት፤ የሚጋጩ ሌሎች መድኃኒቶችም ከዚያ ቀን በፊት አይጀመሩም። መድኃኒቱን ለማቆም የሚፈልግ ሰው ያንን ሁለት ሳምንት ከሐኪሙ ጋር አስቦ ሊወስን ይገባል።